ከሰማይ የወረደው አየርና ያልጠጣሁት ፍንጃል

ዘይነባ ከሞተች ወዲህ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር።

ይህን የምለው ነገር ለማሳመር አይደለም። ወንበር ላይ አልረጋም። አረብ አገር፣ ሙሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲ የነበረችው ቤታችን ጠባብ ናት፤ እኔ ግን ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስመላለስ ስንት አገር እንደዞርኩ አላህ ይወቀው። ሻይ አፈላለሁ፣ ቀዝቅዞ እደፋዋለሁ። መስጊድ ውስጥ ሰላት አልቆ ሽማግሌዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ጨዋታ ሲጀምሩ እኔ ጫማዬን ፈልጌ ወጥቻለሁ። «ይሄ ሰኢድ ደግሞ ምን ጠፋበት?» ይላሉ። የጠፋብኝንማ እነሱም እኔም እናውቀው ነበር።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ያ መቁነጥነጥ የለቀቀኝን ቀን ነው የምነግራችሁ። ጠቅላላው አንድ ጠዋትና አንድ ከሰዓት ነው። ግን እኔ ነገር አላቻኩልም፤ ታገሱኝ።

ትውልዴ ወሎ ነው፣ ኮምቦልቻ አጠገብ። ትምህርቴ ቁርኣን ቤትና ትንሽ መሠረተ ትምህርት ነው። ወደ አረብ አገር የሄድኩት በጎልማሳነቴ ሲሆን ዕድሜዬን የጨረስኩት ባኒያስ በሚባል ከተማ ውስጥ ላንድ ቤተሰብ መኪና ስነዳ ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ማዳምን ገበያ፣ አባወራውን ደግሞ ወደ ግመል በረቱ። ልጆቹ አደጉና ራሳቸው መንጃ ፈቃድ አወጡ። «ኸላስ፣ በቃ ሰኢድ፣ አሁን እረፍ» አሉኝ፤ በክብር ነው የሸኙኝ፣ ቅሬታ የለኝም። «እረፍ» ማለት ግን ቀላል ነው።

አንድ ልጅ አለችኝ፣ ሐያት። እዚያው ተወልዳ እዚያው ያደገች ናት፤ አማርኛ ጀምራ በእንግሊዝኛ ትጨርሰዋለች። የምትሠራው አል አይን ካለ አንድ የጥናት ቦታ ነው። በሥራ ቀን እዚያው አል አይን፣ ፈላጅ ሃዛ በሚባል ሰፈር ከጓደኛዋ ጋር ታድራለች፣ ለዕረፍት እኔ ዘንድ ትመጣ ነበር። ምን እንደምትሠራ ሰው ሲጠይቀኝ «አየር ትለካለች» እላለሁ። ሰውየው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፣ ውስጤ ግን ያርር ነበር።

ምክንያቱም ወደ አገሬ ለመግባት ቆርጬ ነበር። ትኬቱም ተገዝቷል። እሷንም ይዣት ልገባ ፈልጌ በመጣች ቁጥር እጨቀጭቃታለሁ።

«ልጄ፣ እዚህ ማን አለሽ? እናትሽን ቀበርን። እኔም ልሄድ ነው።»

«አባዬ ሥራ አለኝ።»

«ለአየር ብለሽ ነው የምትቀሪው? ኮምቦልቻ አየር የለም?»

«አባዬ፣ ፕሊስ» ትልና ክፍሏ ገብታ በሩን ትዘጋለች። እኔም ወደ መስኮቴ እመለሳለሁ።

ይኸው በዚህ መሀል፣ ረመዳን አልቆ የሸዋልን ስድስት ቀን ፆም እየፆምኩ ሳለሁ ደወለችልኝ። ስለ ፆሙ ትንሽ ልበል፣ ኋላ ይመጣል። ዘይነባ በሕይወቷ ሸዋልን አስታጉላ አታውቅም። እኔን «አንተ ሰነፍ፣ ስድስት ቀን አቅቶህ!» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ከሞተች በኋላ እኔ ጀመርኩት። ሐያት ግን አታውቅም። ስኳር አለብኝ፣ ሐኪሙም ከልክሎኛል፤ ብትሰማ ቤቱን በጩኸት ታፈርሰዋለች። ደግሞ የሱና፣ የፈቃድ ፆም አይወራም፣ በሰውና በጌታው መካከል ነው።

«አባዬ፣ ሹፌራችን ታመመ» አለችኝ። «ጎማ አስተንፍሶ አሸዋ ላይ የሚነዳ ሰው እፈልጋለሁ። ነገ ነው። ሌላ ቀን የለኝም።»

መንዳት! ውሃ የጠማው ሰው ውሃ እንዳገኘ ሆንኩ። «ብቻ የት እንደሆነ ንገሪኝ» አልኳት።

ገና ሲነጋ ከባኒያስ አልፎ ካለው ገላጣ በረሃ ደረስኩ። ሰዎቹ ትልቅ ነጭ ፊኛ እየነፉ ነበር። ከፊኛው ሥር የታጠፈ ጃንጥላ፣ ከጃንጥላው ሥር ደግሞ አንድ ሰው የሚሸከመው ነጭ ሳጥን ታስሯል። ሐያት ከፊኛው ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ወደ ስልኳ ትሮጣለች። ያኔ ነው መቁነጥነጥ በዘር እንደሚሄድ ያወቅሁት። ከሷ ጋር ዮናታን የሚባል የሐዋሳ ልጅ አለ፤ ወደዚያ አገር ከመጣ ገና አጭር ጊዜው ነበር፣ የመሣሪያ ባለሙያ። ጴንጤ ነው፤ ሲጨንቀው «ጌታ ሆይ» ይላል፣ ዝም ሲል ደግሞ ያንጎራጉራል።

ፊኛው ተለቀቀ። ወጣ፣ ወጣ፣ እንደ ሩዝ ፍሬ አነሰና ጠፋ።

«ግቡ፣ ግቡ!» አለች ሐያት። «ንፋሱ ወደ አል አይን ነው የሚወስደው። ሳይቀድመን!»

መንገድ ላይ ሆነን ነው ነገሩን ያስረዳችኝ። እስከዚያ ቀን ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

«ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?» አልኩ።

«ቱቦ። በጣም ቀጭን፣ በጣም ረጅም፣ እንደ እባብ የተጠቀለለ። ሲወጣ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ፊኛው እላይ ሲፈነዳ በጃንጥላ ይወርዳል፤ ሲወርድ አየር እየዋጠ ይመጣል። መጀመሪያ የዋጠው የላይኛው አየር ከቱቦው ጫፍ ይቀመጣል፣ የታችኛው ደግሞ ከአፉ አጠገብ። ከዚያ አፉ ይዘጋል። አባዬ፣ ስፕሪስ ጁስ ታውቅ የለ?»

«አቮካዶ ከታች፣ ማንጎ መሀል፣ ፓፓያ ከላይ።»

«ያው ነው። አየሩ በየተራው ተደርቦ ይቀመጣል። እኛ ሚቴኑን ከንብርብሩ ላይ እንለካለን፣ የቱ ከፍታ ላይ ስንት እንዳለ። ግን ስፕሪስ ጠረጴዛ ላይ ረስተህ ብትመለስስ?»

«ይቀላቀላል።»

«ይቀላቀላል! በተለይ ፀሐይ ከመታው። ዛሬ ከሰዓት ሳይገፋ ማሽኑ ጋ ካልደረሰ ኸላስ፣ ስፕሪሱ ጭማቂ ሆነ ማለት ነው።»

ሚቴን ምን እንደሆነም ነገረችኝ። ከረግረግ፣ ከሩዝ ማሳ፣ ከቆሻሻ ክምር፣ ከጋዝ ጉድጓድ ይነሳል፤ ከሚያመሰኳ ከብት ግሳትም። ምድርን እንደ ብርድ ልብስ ያሞቃታል። ከታች ወፍሮ ይነሳና ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይከሳል፤ እዚያ ላይ የፀሐይ ብርሃን እየበላው ወደ ሌላ ጋዝና ወደ ውሃ ተን ይለውጠዋል። በየዓመቱ በዚሁ ወቅት ፊኛ እየሰደዱ ካምናው ጋር ያስተያዩታል፤ ጨመረ፣ ቀነሰ፣ በየትኛው ከፍታ። ከታችማ በየቦታው ይለካል፤ እላይ ወጥቶ የሚያመጣው ግን ጥቂት ነው።

«የዘንድሮው የመጀመሪያው ፊኛ ባሕር ገባ» አለች። «ይሄ የመጨረሻው ነው። ካጣነው ዘንድሮ ባዶ ይሆናል። እንደወለቀ ጥርስ። ያለፈው ዓመት አየር ደግሞ ተመልሶ አይለካም።»

በመስተዋት አየኋት፤ ጥፍሯን ትበላለች። ሌላም ነገር ትነግረኝ ነበር፣ እላይ ያለው አየር ያረጀ ነው ምናምን ብላ፤ እኔ ግን ከባድ መኪና እያለፍኩ ስለነበር በቅጡ አልሰማኋትም።

«ፈነዳ!» አለ ዮናታን ስልኩን አፍጥጦ። «እየወረደ ነው። ጌታ ሆይ፣ ከባሕር አድነን።»

«የቱ ባሕር? አሸዋ ላይ እኮ ነን» አልኩት።

«ጋሽ ሰኢድ፣ እኔ ዘንድሮ አላምንም።»

ከአስፋልቱ ወጣን። ጎማውን አስተንፍሼ አሸዋውን ተያያዝነው። በስልኩ ላይ ያለችው ነጥብ ቆመች፣ እኛም ወደሷ። ከአንድ የአሸዋ ጉብታ ስንወጣ ከታች የግመል በረት ታየን። በሽቦ የታጠረ ሰፊ ግቢ፣ ከጎኑ ምንጣፍ የተነጠፈበት ዳስ። ከግቢው ጥግ፣ ለብቻው በታጠረ ትንሽ በረት ውስጥ፣ ጃንጥላው ነጭ ሆኖ ይርገበገባል።

ሐያት «አልሐምዱሊላህ!» ብላ መኪናው ሳይቆም ልትወርድ ስትል፣ የግቢውን በር ይዞ የቆመ ሰው እጁን ዘረጋ። ሱዳናዊ እረኛ ነው፣ ኢድሪስ ይባላል።

«ያ ሰይጣን የናንተ ነው?» አለ በአረብኛ።

«የኛ ነው። እንውሰደው?»

«የምሰጣችሁ እኔ አይደለሁም» አለና ወደ ዳሱ አገጩን ቀሰረ።

ከዳሱ አንድ ሽማግሌ በትሩን ይዞ ብቅ አለ። በዕድሜ እኔን ያህላል፣ ቀጭን፣ ፊቱ እንደ ደረቀ ቴምር የተጨማደደ። አቡ ራሺድ ይሉታል። ሰላምታችንን ተቀበለ። ከዚያ ቁጣውን ጀመረ።

«ከሰማይ ዝናብ ሲወርድ አይቻለሁ። ሳጥን ሲወርድ ግን አባቴም አላየ! ግመሎቼ ሽቦ ጥሰው ሊወጡ ነበር። ግመሌ ሰምሃ ደግሞ» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ «ሰምሃ ዛሬ ልትወልድ ነው። የወደቀው እሷ በረት ውስጥ ነው። እስክትወልድ ድረስ ማንም አይገባም። ሐኪሙም አይገባም። ነገ ኑ፣ ኢንሻአላህ።»

«ነገ!» አለች ሐያት በአማርኛ ወደኔ ዞራ። «አባዬ፣ ነገ ምን ያደርግልኛል?»

«አጎቴ» አለችው በአረብኛ፣ «ደቂቃ አንፈጅም። ገብቼ ቀስ ብዬ…»

«ልጄ፣ አንቺ ስትወልጂ እንግዳ ሰው ጃንጥላ ይዞ ቢገባብሽ ትወጃለሽ?»

ዮናታን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ጋሽ ሰኢድ፣ ቢሮ ልደውል? ፈቃድ አለን እኮ፣ ፖሊስ ይዘው ይምጡ።»

«ፖሊሱ እስኪመጣ ጭማቂ ሆነ» አለች ሐያት። አጥሩን በዓይኗ ስትለካ አየኋት። ልትዘል ነው! ክንዷን ያዝኳት። እኔም ብሆን ቢቻለኝ ከሷ ቀድሜ እዘል ነበር፤ እግሬን ይበላኝ ጀምሯል። ሳጥኑ ፀሐይ ላይ ነው። ፀሐይዋ ደግሞ እየከረረች ነው።

አቡ ራሺድ ግን በትሩን ወደ ዳሱ አመለከተ። «ፀሐይ ላይ አትቁሙ። ግቡ።» የበረሃ ሰው እንዲህ ነው፤ ተቆጥቶም እንግዳ ያስገባል። እምቢ ማለት አይቻልም። ገባን።

ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ለኔ ከጅራፍ የባሰ ነበር። ከተቀመጥኩበት የጃንጥላው ጫፍ ሲርገበገብ ይታየኛል። ሐያት ከዳሱ ደጃፍ ቆማ ቀረች። ሽማግሌው ቃህዋውን ራሱ አነሳ። እነሱ የሚያፈሉት ቡና ቀጭንና ቢጫ ነው፣ ሄል የበዛበት፤ በትንሿ ፍንጃል ከታች ጠብ አድርገው ይሰጣሉ። ለዮናታን ሰጠው፣ ጠጣና በትህትና ፍንጃሉን መለሰ። ሽማግሌው ሞላለት። ጠጣ፣ መለሰ። ሞላለት። ምስኪኑ ልጅ ፍንጃሉን ካልነቀነቁት «በቃኝ» ማለት እንዳልሆነ የነገረው የለም።

ከዚያ ለኔ ደረሰ። በቀኝ እጄ ተቀበልኩ። እጄ ላይ ይዤው ቀረሁ። ፆመኛ ነኝ! ምን ልበል? «ፆመኛ ነኝ» ብል ሐያት ደጃፍ ላይ ናት፣ ስኳሬን አንስታ እዚያው ትጮህብኛለች። ደግሞ በቁጣ ላይ ላለ ሰው ፆሜን እንደ ምስክር ወረቀት ማውጣት አሳፈረኝ። ስለዚህ ዝም ብዬ ፍንጃሉን ምንጣፉ ላይ፣ ከፊቴ አስቀመጥኩት። አንገቴን ደፋሁ።

ሽማግሌው መቅዳቱን አቆመ።

ከደጅ የቆመው ኢድሪስም ዞሮ አየኝ። ምን እንዳጠፋሁ አላወቅሁም። በግመል በረት ብዙ ዘመን ተመላልሻለሁ፤ ግን ሹፌር ነበርኩ፣ ቃህዋዬን የምጠጣው ከሹፌሮች ጋር መኪናው ጋ ነው። ምንጣፍ ላይ በእንግድነት ተቀምጬ አላውቅም።

«ለምን አትጠጣም?» አለኝ።

ሳላስበው ዓይኔ ወደ ጃንጥላው ሄደ።

«ያ ሳጥን ይህን ያህል ነው?» ድምፁ ተለውጧል። ቁጣው ወርዷል።

ቀና ብዬ ሐያትን አየኋት። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና፣ ወደ ጃንጥላው እያየች፣ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። ዘይነባ በታመመች ጊዜ ከሆስፒታሉ ኮሪደር እንዲሁ ሆና ነበር የቆመችው።

«የልጄ ነው» አልኩ።

አቡ ራሺድ እኔንም እሷንም አየ። ከዚያ «ፍንጃልህን ጠጣ» አለ። «የመጣህበት ጉዳይ ተፈጽሞልሃል።»

እንዴት እንደተፈጸመልኝ አልገባኝም። የገባኝ መጠጣት እንዳለብኝ ብቻ ነው፤ ዓይናቸው ሁሉ ፍንጃሉ ላይ ነው። ዘይነባን በልቤ «ይቅር በይኝ» አልኳትና ቢስሚላህ ብዬ ጠጣሁት። መራራ ነበር፤ ፍንጃሉንም ነቅንቄ መለስኩ።

«ኢድሪስ!» አለ ሽማግሌው። «አንተ ብቻ ግባ። ቀስ ብለህ።»

ኢድሪስ ጫማውን አወለቀ። ልብሱን ሰብስቦ በትንሿ በር ገባ። ሰምሃ ተኝታ ነበር፤ ትልቅ ናት፣ ነጣ ያለች፣ ሆዷ ተንዠርግጓል። ሲገባ አጉረመረመች፣ ተነሳችም። ሐያት አንድ እርምጃ ስትራመድ ሽማግሌው ሳያያት እጁን አነሳ። ቆመች።

ኢድሪስ ወደ ሳጥኑ አልሄደም። ወደሷም አልሄደም። በረቱን እንደሚያጸዳ ሰው ዞር ዞር አለ፣ የሆነ ነገር እያዜመ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ። ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል። ግመሏ አንገቷን አውርዳ ሳጥኑን አሸተተች፤ ላሰችው። ከዚያም ትልቅ ግሳት አገሳች።

«ሚቴኑን ከምንጩ ጨመረችበት» አለ ዮናታን ሹክ ብሎ። ሐያት ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት፣ አፏን በሻርፗ ያዘች።

እኔስ? እናንተዬ፣ እኔ ተቀምጬ ነበር። ሮጬ የማደርገው ነገር የለም፣ የምለውም የለም። ቃሉ ተሰጥቷል፣ ቀሪው በኢድሪስ እግርና በግመሏ ልብ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ሽማግሌ የእጄን አንጓ ጭብጥ አድርጎ እንደያዘኝ ያወቅሁት ዘግይቶ ነው።

«አምና ግልገሏ ሞተባት» አለኝ ቀስ ብሎ። «ከሷ ይልቅ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ለልጆቼ አልነገርኳቸውም፣ ይስቁብኛል።»

«አላህ ይተካልህ» አልኩት።

ኢድሪስ መጀመሪያ ጃንጥላውን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አደረገ። የሚርገበገበው ነገር ሲጠፋ ሰምሃም ረጋች፣ ጉልበቷን አጥፋ ተኛች። ያን ጊዜ ሳጥኑን አነሳና እንደ አገባቡ ቀስ ብሎ ወጣ። ሽማግሌው እጄን ለቀቀ። ሐያት ሳጥኑን ተቀብላ በጉልበቷ ወደቀች፤ የቱቦውን አፍ ዳሰሰች። «ዝግ ነው። አባዬ፣ ዝግ ነው!»

አቡ ራሺድ ጠጋ ብሎ አየው። «ለመሆኑ ውስጡ ምንድነው?»

«አየር» አለችው።

«አየር?» ሳቀ። ከዚያ የምሩን ሳቀ፣ የራስ ጥምጥሙ እስኪንሸራተት። «በረሃው ሙሉ አየር አይደለም እንዴ? ከዚህ ቀድታችሁ አትሄዱም?»

«ይሄ ያረጀ አየር ነው፣ አጎቴ። ከመሬት ተነስቶ እዚያ ላይ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። በጫፉ ላይ ያለው ከመሬት ከተነሳ አራት ዓመትም አምስት ዓመትም ሳይሆነው አይቀርም።»

ሽማግሌው ሳቁን አቆመ። ሳጥኑን በጣቱ ጫፍ ነካው።

«ያኔ» አለ፣ «ወንድሜ በሕይወት ነበር።»

እኔን ደግሞ እንደ መብረቅ መታኝ። ዘይነባስ! ያን ጊዜ ዘይነባ ሙሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲ፣ በረንዳችን ላይ ልብስ እያሰጣች «አንተ ሰነፍ» ትለኝ ነበር። ይሄ አየር ከዚያን ጊዜ የተነሳ ነው። እኛ ቀበርናት፣ አለቀስን፣ እኔ ከመስኮት ወደ በር ስመላለስ ከረምኩ፤ እሱ ግን ገና መንገድ ላይ ነበር፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ።

«አባዬ! እንሂድ!» አለች ሐያት።

መኪናውን ስቀሰቅስ ኢድሪስ ወደ መስኮቴ ጎንበስ አለ። «አንተ ሽማግሌ ብልጥ ነህ» አለኝ። «እንግዳ ፍንጃሉን ሳይጠጣ ፊቱ ካስቀመጠ ‹ጉዳይ አለኝ፣ ሳይፈጸምልኝ አልጠጣም› ማለት ነው። ባለቤቱ እምቢ ካለ ነውሩ የሱ ነው። ይሄን አሁን ብዙ ሰው አያውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አልኩት። «ፆመኛ ነበርኩ።»

ኢድሪስ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከኋላ ወንበር ደግሞ ሐያት፦

«ምንድን ነበርክ?»

ነዳሁ! ሌላ ምን አደርጋለሁ? እሷ ሳጥኑን ታቅፋ፣ ማቀዝቀዣው እየነፋበት፣ እስከ አል አይን ስኳሬን ስትቆጥርልኝ ሄደች። «ሐኪሙ ምን አለህ? አንሰር ሚ! ብትወድቅስ? አሸዋ ላይ ብትወድቅስ?» አፍታ ሳትቆይ ደግሞ «ቀስ በል፣ እንዳይነቃነቅ»፣ ወዲያው ደግሞ «ፍጠን፣ አባዬ!» ዮናታን ያ ሁሉ ቃህዋ መጥቶበት ፈላጅ ሃዛ ላይ ስንደርስ ላቡ ችፍ ብሏል።

«ጋሽ ሰኢድ፣ እባክዎ አንዴ ያቁሙልኝ።»

«ያዘው!» አልነው ሐያትና እኔ ባንድ ድምፅ። በየመንገዱ ጉብታ ላይ «ጌታ ሆይ» ሲል ይሰማል።

ደረስን። ሳጥኑን ይዘው ሮጡ፣ ዮናታን ወደ ሌላ በር ሮጠ። እኔን አንድ ክፍል አስገብተው የፕላስቲክ ወንበር ሰጡኝ። ሐያት ቱቦውን ከማሽኑ ጋር አገናኘች። አየሩ በዝግታ እየተሳበ፣ ስክሪኑ ላይ መስመር መሣል ጀመረ። እሷ ትቆማለች፣ ትጎነበሳለች፣ ትዞራለች። እኔ ተቀምጬ ነበር። መቀመጤን ራሴም ያወቅሁት ቆይቶ ነው። እግሬ ዝም ብሏል።

ድንገት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ተቀላቀለ?» አልኩ።

«አልተቀላቀለም» አለች እጇን ከፊቷ አንስታ። «ና እይ። ይኸው፣ ከታች ወፍራም ነው። ወደ ላይ ይከሳል፣ ይከሳል፤ እዚህ ጋ ደግሞ ደረጃ ይሠራል። ቢቀላቀል ይሄ ደረጃ አይታይም ነበር። ይሄ ሐምራዊው መስመር የአምናው ነው። ይሄ የካቻምናው።»

መስመሮቹ እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ። የዘንድሮው ግን ከሌሎቹ ትንሽ ወደ ቀኝ ወጣ ብሏል።

«ወደ ቀኝ ምን ማለት ነው?»

«በዝቷል ማለት ነው።»

«ደግ ነው?»

«ደግ አይደለም አባዬ። እውነት ነው እንጂ።»

ከመስመሩ ከላይ ጫፍ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። «ይሄ ነው አሮጌው?»

«እሱ ነው።»

«እናትሽ እያለች የተነሳ።»

ልታርመኝ አፏን ከፈተች። የዓለም አየር ሁሉ የተደባለቀበት ነው፣ የማንም እስትንፋስ ተለይቶ አይገኝም፣ ልትለኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ በኋላ ብላኛለችም፣ ገብቶኛልም። ያን ሰዓት ግን አፏን መልሳ ዘጋችው። ጣቷን ከጣቴ አጠገብ አሳረፈች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ስልክ ተደወለ፤ ኢድሪስ ነው። ሰምሃ ወለደች። ግልገሏ ቆማ ጠባች። ሽማግሌው ከኋላ ሲጮህ ይሰማል፦ «ለባለ ፆሙ ንገረው! ለባለ ፆሙ!» ታሪኩን ኢድሪስ አውርቶበታል። የፈታኋትን የሸዋል ቀን ልመልሳት አሰብኩ፣ ሐያት ግን መድኃኒቴን ይዛ ፊቴ ቆመች። ዘይነባ ብትኖር ከማን ወገን እንደምትሆን አላውቅም።

እንግዲህ ይኸው ነው። ያ ቀን ምን ለወጠብህ ብትሉኝ፣ ትልቅ ነገር አልናገርም። ወደ አገሬ ትኬቱን ይዤ ሄድኩ፤ ብቻዬን ሄድኩ። ሐያትን «ነይ» አላልኳትም። አውሮፕላን ማረፊያ ስትሸኘኝ «ዛሬስ አልጨቀጨቅከኝም» አለችኝ፣ ግራ ገብቷት። በየዓመቱ ፊኛው በሚለቀቅበት ወቅት ግን በጉብኝት ቪዛ እሄዳለሁ፣ መሪውን ማንም አይነካብኝም። አቡ ራሺድ ዘንድ ጎራ እንላለን። ፍንጃሉን ሲሰጠኝ ወዲያው እጠጣዋለሁ። እሱም «ዛሬ ጉዳይ የለህም?» ይለኛል። «የለኝም» እለዋለሁ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብለን የሰምሃን ልጅ እናያለን፤ አድጋ እናቷን አክላለች።

ምናልባት ከናንተ መካከል ሰው ሞቶበት ከመስኮት ወደ በር የሚመላለስ ይኖራል። ምክር የለኝም። እኔን የሚያስቀምጠኝ ግን ይህ ነው። ዛሬ ማታ ኮምቦልቻ፣ ደጃፌ ላይ ሆኜ ይህን ስጽፍ የምተነፍሰው አየር ገና መንገድ ሊጀምር ነው። ከሰው ሁሉ አየር ጋር ይቀላቀላል፣ ቀስ ይላል፣ እዚያ ላይ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። ሲደርስ እኔ ልኖርም ላልኖርም እችላለሁ። ሐያት ግን ሳጥኗን ይዛ ከታች ትጠብቀዋለች። ልጄን ከዚያ ሥራ አንስቼ ባመጣት ኖሮ፣ ማን ይቀበለው ነበር?